የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች፦ ለጥናትና ለማስተማር የትኛውን ከየትኛው ጋር ማነጻጸር ያዋጣል?

«የስፔንንና የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ በአሜሪካ አነጻጽሩ» የሚል ጥያቄ ሲሰጥ መልሱ ሳይጻፍ ይታወቃል። ስፔኖች ወርቅ ፈልገው መጡ፣ እንግሊዞች ነፃነት ፈልገው መጡ፤ እነዚያ ፈጁ፣ እነዚህ ምክር ቤት አቆሙ። ይህ የባንዲራ ውድድር እንጂ ንጽጽር አይደለም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከምርጫው ነው። በአንድ በኩል ብዙ ሕዝብ የሚያርስበትን፣ ከስፔኖች በፊትም ለአዝቴኮች ሲገብር የኖረውን መካከለኛ ሜክሲኮ፣ በሌላ በኩል የተራራቁ መንደሮች የነበሩበትን የማሳቹሴትስን ጠረፍ አስቀምጦ የሚታየውን ልዩነት ሁሉ ለገዥው ጠባይ መስጠት ይቀናናል። በዚህ አካሄድ ልዩነቱ ከገዥው ይምጣ ከአገሩ አይለይም።

መመሪያው የተጻፈው ከብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መርጦ ለማስተማር፣ የማሟያ ጽሑፍ ለመሥራት ወይም ክርክር ለማዘጋጀት ለሚያስብ ሰው ነው። ዋናው ምክር ይኼ ነው፦ ባንዲራ ሳይሆን ቦታ ይምረጡ። የእንግሊዝ የነበረችው ባርቤዶስ ለፖርቱጋል ብራዚል እንጂ ለእንግሊዝ ማሳቹሴትስ አትቀርብም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ለሚመርጡት ለእያንዳንዱ ቦታ አምስቱንም በአንድ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፤ ለአንዱ ቦታ የጠየቁትን ለሌላው ከዘለሉ ሠንጠረዡ ይዋሻል።

1. ወጪውን ማን ቻለ? በአብዛኞቹ ቦታዎች መጀመሪያ ከኪሱ ያወጣው ንጉሥ አልነበረም። የከፈለው ሰው ሥልጣን ይጠይቃል፣ ዘውዱም የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ለመውሰድ አሥርተ ዓመታት ይታገላል። የቅኝ አገዛዙ ታሪክ ገሚሱ ይኸው ትግል ነው።
2. ጉልበቱ የማን ነው? ገባር፣ የውል አገልጋይ፣ በባርነት የተያዘ ሰው ወይስ ራሱ ሰፋሪው?
3. ሹሙን ማን ይቆጣጠራል? ደመወዙንስ ማን ይከፍላል? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።
4. ነባሩ ሕዝብ በሕጉ ውስጥ የት ቆሟል? ግብር ከፋይ ዜጋ፣ የንግድና የጦር ሸሪክ፣ ወይስ ከአጥር ውጭ ያለ ባዕድ?
5. ሀብቱ በየትኛው በር ይወጣል? በሩን የሚቆጥረውስ ማን ነው?

ሃይማኖት ራሱን የቻለ መመዘኛ ያልሆነው አስፈላጊ ስላልሆነ አይደለም። በስፔን ግዛቶች ከ1508 ጀምሮ ጳጳስ የመምረጥ መብት የዘውዱ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኒቱ በተግባር ሌላ የሹመት መሰላል ነበረች፤ ስለዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ውስጥ ትገባለች።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው፤ ጉልትና ርስትን ይለያል። በሰው ላይ ግብር የመሰብሰብ መብትና መሬትን ለልጅ የማውረስ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሌላ ቋንቋ ለተማሪ ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ይፈጃል።

ስፔን፦ ፔሩን ይምረጡ

ስፔንን የሚመርጥ ሁሉ ወደ ሜክሲኮ ይሮጣል። አሠራሩ ከነጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ግን በፔሩ ነው።

ፔሩን የወረረው ፍራንሲስኮ ፒሳሮ የንጉሥ ወታደር አልነበረም። በ1529 ከዘውዱ ጋር ውል ተፈራርሞ፣ መርከቡንም ሰውንም በራሱና በሸሪኮቹ ገንዘብ አዘጋጅቶ ነው የሄደው። ንጉሡ ያዋጣው ፈቃድ ሲሆን ድርሻው ከሚገኘው ሀብት አንድ አምስተኛ ነበር። አብረው ለዘመቱት የተሰጠው ክፍያ ኤንኮሚየንዳ ይባላል። የተሰየሙ መንደሮችን ግብርና ጉልበት የመውሰድ መብት ነው፤ መሬቱ አይሰጥም፤ በለውጡ ባለመብቱ ሰዎቹን ሊጠብቅና ክርስትና ሊያስተምር ይገደዳል። ጉልት ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። የዘመቱት ግን ርስት ሊያደርጉት ፈለጉ። ዘውዱ በ1542 «አዲሶቹ ሕጎች» በተባሉት ድንጋጌዎች አዲስ ኤንኮሚየንዳ እንዳይሰጥ፣ የነበረውም ባለቤቱ ሲሞት ለዘውዱ እንዲመለስ አዘዘ። በፔሩ የፒሳሮ ወንድም ጎንሳሎ ፒሳሮ አመፀ፤ የመጀመሪያው እንደራሴ (በንጉሡ ስም የሚገዛው ሹም) ብላስኮ ኑኜስ ቬላ በ1546 በጦርነት ተገደለ። በሜክሲኮ ያለው እንደራሴ አንቶኒዮ ዴ ሜንዶሳ ያንኑ ሕግ በዝምታ አቆይቶት ነበርና ጭንቅላቱ ከአንገቱ ላይ ቀረ። ዘውዱ በውርስ ጉዳይ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1545 ቀድሞ አፈግፍጎ ነበር፤ ጎንሳሎም በ1548 ተገደለ።

ሕጉን የማቆየት ብልሃቱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሹሙ የንጉሡን ደብዳቤ ተቀብሎ አናቱ ላይ ያስቀምጥና «እታዘዛለሁ፣ ግን አልፈጽምም» ይላል። ንቀት አይደለም፤ «ንጉሡ እዚህ ያለውን ቢያውቁ ኖሮ አያዝዙም ነበር» ብሎ መልሶ ለመጻፍ የሚያስችል ሕጋዊ በር ነው። ደብዳቤ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሚፈጅበት ዘመን ይህ በር ባይኖር ግዛቱ አይንቀሳቀስም ነበር።

መሰላሉን ከላይ ወደ ታች እንየው። በስፔን ከ1524 ጀምሮ የኢንዲስ (ስፔኖች የአሜሪካ ግዛታቸውን የጠሩበት ስም ነው) ምክር ቤት አለ። በሜክሲኮ (1535) እና በሊማ (1542) የእንደራሴ መንበር ተቋቋመ። ከእንደራሴው ጎን አውዲየንሲያ የሚባል የዳኞች ጉባኤ ተቀመጠ፤ ይፈርዳል፣ ያማክራል፣ በእንደራሴው ላይ የሚቀርብ ይግባኝ ይሰማል፣ ለንጉሡም በቀጥታ ይጽፋል። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሹም ሥልጣኑን ሲያስረክብ ደግሞ ሬሲደንሲያ የተባለ ምርመራ ይከፈትበታል፤ ቅሬታ ያለው ሁሉ ቀርቦ እስኪናገር ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ይህ ሁሉ ቁጥጥር ታዲያ ለምን ተበላሸ? ምክንያቱ ከታችኛው ደረጃ ነው፤ አውራጃ ገዥው ኮሬሂዶር ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሹመቱ በገንዘብ ይሸጥ ጀመር። ሹሙ ከሊማ ነጋዴ ተበድሮ ሹመቱን ይገዛል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዕዳውን ከነትርፉ ለማውጣት በቅሎና ጨርቅ ለገባሩ በግድ፣ በእጥፍ ዋጋ ያድላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለኮሬሂዶሩ የተተረተ ይመስላል። በኅዳር 1780 ቱፓክ አማሩ 2ኛ አመፁን የጀመረው አንቶኒዮ ዴ አሪያጋ የተባለውን ኮሬሂዶር ይዞ በስቅላት በመግደል ነው።

ስለ ጉልበት የፖቶሲን የብር ተራራ ሚታ (የግዴታ ተራ ሥራ) ሳያዩ ፔሩን አይጨርሱ። ብሩ የተገኘው በ1545 ነው። በ1570ዎቹ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ የኢንካዎቹን የተራ ሥራ ስም ተውሶ እንዲህ አደራጀው፦ ከ16 አውራጃዎች፣ ከ18 እስከ 50 ዓመት ያለው ወንድ ከሰባት አንዱ በየዓመቱ ወደ ፖቶሲ ይሄዳል። በድምሩ ከ13,000 በላይ ሰው ነው። አንድ ሳምንት ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ያርፋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያለው ሲሶው ነው። ሰኞ ጠዋት በተራራው ግርጌ ይሰበሰቡና ለየማዕድኑ ባለቤት ይከፋፈላሉ። ክፍያ አለ፤ ግን ለጉዞውና ለስንቁ አይበቃም፤ ሰው ከነቤተሰቡ፣ ላማ ከሚባሉት የጭነት እንስሶቹ ጋር ለሳምንታት ተጉዞ ነው የሚደርሰው። በ«እረፍቱ» ሁለት ሳምንትም ለመኖር ሲል እዚያው በቅጥር ይሠራል።

የተበላሸው በሒሳቡ ነው። ኮታው በቆጠራ ላይ ቆሟል፤ ሕዝቡ ግን በበሽታና በስደት ቀነሰ። በተወለደበት መንደር የማይኖር ሰው ሚታ አይነካውምና ብዙዎች ወደ ሌላ መንደር ተሰደዱ። የቀሩት በሰባት ዓመት አንዴ መሄዱ ቀርቶ በአጭር በአጭር ተራ ይደርሳቸው ጀመር። ኮታውን የሚያሟላው ኩራካ፣ ማለትም የአካባቢው ባላባት፣ ሰው ቢጎድልበት በገንዘብ ይተካል። አንዳንድ የማዕድን ባለቤቶች ሰውየው ከሚመጣ ብሩ ቢመጣ መረጡ፤ ያልመጣው ሠራተኛ «የኪስ ኢንዲያን» ተባለ፤ ማዕድን ሳይቆፍር ለባለቤቱ ገቢ ያስገባልና። ሚታ በሕግ የተሻረው በ1812 ነው።

ብሩን ለማንጠር ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያስፈልጋል፤ ባዜቃው እዚያው ፔሩ ካለው ከዋንካቬሊካ ማዕድን ይመጣል፤ ንግዱም በዘውዱ እጅ ነበር። የዘውዱ ሹም ስንት ባዜቃ እንደተሸጠ ካወቀ ስንት ብር መውጣት እንዳለበት ይገምታል፤ አምስተኛውን የሚሰርቅ ሰው በዚያ ይጋለጣል። በሩ ግን ጠባብ ነበር። ከ1503 ጀምሮ ንግዱን የሚቆጣጠረው በሴቪል ያለው የንግድ ቤት ሲሆን፣ መርከቦች በታጀበ ቡድን ወደ ተወሰኑ ወደቦች ብቻ ይሄዱ ነበር። ቦነስ አይረስ በባሕር ዳር ተቀምጣ የስፔን ዕቃ በሕግ በፓናማና በሊማ ዞሮ፣ አንዲስን ተሻግሮ እንዲደርሳት ይጠበቅ ነበር። ከተማዪቱ የኮንትሮባንድ ከተማ መሆኗ ታዲያ ምን ይገርማል?

ፖርቱጋል፦ ፔርናምቡኮና ባሂያ

ፖርቱጋል ብራዚልን በ1500 ካገኘች በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቀይ ቀለም የሚወጣው እንጨት ከመጫን ሌላ ብዙም አልሠራችም። ፈረንሳዮች በጠረፉ መመላለስ ሲያበዙ ንጉሥ ዦዋዎ 3ኛ ከ1534 ጀምሮ ጠረፉን በ15 ቁራጭ ከፍሎ ለ12 ሰዎች ሰጠ። (በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር በኛ ቀይ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ በሊዝበን ዙፋን ላይ የነበረው ይኸው ንጉሥ ነው።) ተቀባዮቹ ሰፋሪ ማምጣት፣ ከተማ መቆርቆር፣ መከላከል በራሳቸው ወጪ ነው። አንዳንዶቹ አገሩን ረግጠውትም አያውቁ፤ የባሂያው ፍራንሲስኮ ፔሬይራ ኮቲንዮ በ1547 ቱፒናምባ በተባሉት ነባር ሕዝቦች ተገደለ። በደንብ የቆሙት ፔርናምቡኮና ሳዎ ቪሴንቴ ናቸው። በ1549 ዘውዱ ቶሜ ዴ ሶዛን ጠቅላይ ገዥ አድርጎ ላከ፣ ሳልቫዶርም ተቆረቆረች። ከስፔን የሚለየው፣ ባለድርሻዎቹ ሳይነቀሉ ገዥው በላያቸው ላይ መቀመጡ ነው።

የብራዚል መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ስኳር ነው። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተፈጨ ጭማቂው ይኮመጥጣል። ስለዚህ መፍጫው በወቅቱ ሌሊትና ቀን ይዞራል፤ በባሂያ ወቅቱ ከዓመቱ ወደ ዘጠኝ ወር ይጠጋል። ይህ ምት ነው የጉልበቱን ዓይነት የወሰነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ በበሽታ አለቀ፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ባለመፍጫው ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። በአትላንቲክ ላይ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ገደማ አፍሪካውያን ውስጥ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የወረዱት በብራዚል ነው። ባርነት በዚያ የተሻረው በ1888፣ በአሜሪካ ምድር ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ወርቅ በሚናስ ዤራይስ የተገኘው በ1690ዎቹ ነው። ዘውዱ በማቅለጫ ቤቶች በኩል አምስተኛውን ይወስዳል፤ ከ1750 ጀምሮ አውራጃው በዓመት 100 አሮባ፣ ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ወርቅ እንዲያስገባ ተወሰነ። ማዕድኑ እየነጠፈ ኮታው አልተነካም። ጉድለቱ በሕዝቡ ላይ ይደለደላል የሚለው ስጋት የ1789ኙን ሴራ ወለደ፤ ከሴረኞቹ አንዱ ቲራዴንቴስ በ1792 ተሰቀለ። ያረጀ ኮታና የቀነሰ ምርት፣ ልክ እንደ ፖቶሲ።

አንድ የማይዘለል ልዩነት አለ። በስፔን ግዛት ማተሚያ በሜክሲኮ በ1539 ገብቷል፤ በሊማና በሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ በ1551 ተፈቅዷል። በብራዚል ግን ቋሚ ማተሚያ እስከ 1808 አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልተከፈተም። ሕግ መማር የፈለገ ፖርቱጋል ወዳለው ወደ ኮይምብራ ይሄዳል። የየክፍለ አገሩ ልሂቃን በአንድ ትምህርት ቤት መውጣታቸው፣ ከዚያም በ1808 ንጉሣዊው ቤት ራሱ ከናፖሊዮን ሸሽቶ ወደ ሪዮ መምጣቱ፣ የስፔን ግዛት ሲበታተን ብራዚል አንድ አገር ሆና ለመቅረቷ ከሚሰጡት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው።

እንግሊዝ፦ ሦስት ቦታ እንጂ አንድ አይደለም

*ቨርጂኒያ።* ወጪውን የቻሉት ባለአክሲዮኖች ናቸው። በ1607 ጄምስታውን ከተቆረቆረች በኋላ ኩባንያው የብር ተራራ ሲጠብቅ ረሀብ መጣ፤ ሕይወቱን ያቆየው ትምባሆ ነው። ትምባሆ ሰው ይፈልጋልና ከ1618 ጀምሮ የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ ለከፈለ 50 ኤከር መሬት ይሰጥ ጀመር። ይህ ከጉልት ፍጹም የተለየ ነው፤ የሚሰጠው ርስት ነው፤ መሬቱም ከሌሎች የተነጠቀ። ማጭበርበሩ ወዲያው ገባ፦ በአንድ መንገደኛ ስም የመርከብ አዛዡም፣ ነጋዴውም፣ አራሹም ሦስት ጊዜ መሬት ይጠይቃሉ። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለደመወዝ የሚያገለግል የውል አገልጋይ ነው።

በ1619 ሁለት ነገሮች በሳምንታት ልዩነት ሆኑ፤ የሰፋሪዎች ጉባኤ መጀመሪያ ተሰበሰበ፣ ሃያ ከምናምን አፍሪካውያንም ለሽያጭ ደረሱ። በ1622 የፓውሃታን ሕዝብ ባደረሰው ጥቃት 347 ሰፋሪዎች ተገደሉ፤ በ1624 ንጉሡ ኩባንያውን ሻረ። ጉባኤው ግን ቀረ። ያው ጉባኤ በ1662 ልጅ የእናቱን ባርነት ይከተላል ብሎ ደነገገ።

*ማሳቹሴትስ።* እዚህ ያለውን የሕግ ቀዳዳ ተማሪዎች ይወዱታል። የ1629ኙ ቻርተር የባለአክሲዮኖቹ ስብሰባ የት እንደሚደረግ አይልም። ስለዚህ ቻርተሩን ይዘው በ1630 ባሕር ተሻገሩ፤ የኩባንያ ጠቅላላ ጉባኤ የአገር ምክር ቤት ሆነ። ንጉሡ ቻርተሩን ለመሰረዝ እስከ 1684 ፈጀበት፤ በ1691 በአዲሱ ቻርተር ገዥ ቢልክም ምክር ቤቱን አላጠፋውም። የገዥውን ደመወዝ በየዓመቱ የሚመድበው ምክር ቤቱ ነው፤ ለንደን ቋሚ ደመወዝ ይወሰንለት ስትል ደጋግማ ብታዝም አልተቀበሏትም። ቨርጂኒያ በ1680 ከየትምባሆው በርሜል 2 ሽልንግ ለዘውዱ በቋሚነት ስለፈቀደች ገዥዋ በዚህ በኩል እጁ አልተጠመዘዘም። ከሦስተኛው ጥያቄ ሁለተኛው ክፍል ይበልጣል የተባለው ለዚህ ነው።

ነባሩ ሕዝብ በሁለቱም ቦታ ከአጥር ውጭ ነው። መሬት በውል ይገዛል፣ በጦርነት ይወሰዳል። ከ1675 እስከ 1676 ከነባሮቹ መሪ ከሜታኮም ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ብዙ ምርኮኞች በባርነት ወደ ካሪቢያን ተሸጡ።

*ባርቤዶስ።* በ1627 ሰፋሪ ሲገባ ነዋሪ አልነበረባትም፤ ስለዚህ አራተኛው ጥያቄ ራሱ ይወድቃል። በ1640ዎቹ ስኳር ገባ፤ በመፍጫው ሲሊንደር አጠገብ እጁ የተያዘበትን ሠራተኛ ክንድ ለመቁረጥ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር። ከ1639 ጀምሮ ምክር ቤት አላት፤ ይኸው ምክር ቤት በ1661 ያወጣው የባርነት ሕግ በጃማይካ ከዚያም በደቡብ ካሮላይና አርአያ ሆነ። ምክር ቤት ሁሉ የነፃነት ምልክት ነው የሚለውን ለማፍረስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ፈረንሳይ፦ ካናዳና ሳን ዶማንግ

ካናዳ ለመጀመር በ1627 የተቋቋመው የመቶ ባለአክሲዮኖች ኩባንያ በ15 ዓመት 4,000 ሰፋሪ ሊያመጣ ቃል ገባ። በ1628 የላካቸውን መርከቦች እንግሊዞች ማረኩበት፤ ከዚያ አላገገመም። በ1663 ንጉሡ ቅኝ ግዛቱን ሲረከብ የነበረው ሰፋሪ 3,000 ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ገዥው ጦርና ዲፕሎማሲ፣ ኢንቴንዳንቱ ፍርድና ገንዘብ፣ ጳጳሱ ነፍስ ይዘው ሦስቱ ሲነታረኩ ኖሩ። የተመረጠ ምክር ቤት የለም። በ1685 ከፈረንሳይ የሚመጣው ሳንቲም ሲዘገይ ኢንቴንዳንቱ ዣክ ደ ሜል የወታደሮችን ደመወዝ በመጫወቻ ካርታ ላይ እየፈረመ ከፈለ፤ ካርታው ገንዘብ ሆኖ ይዘዋወር ነበር።

ገበሬው በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር በቀጭን በቀጭን የተከፋፈለ መሬት ይዞ ለባለጉልቱ ትንሽ ዓመታዊ ግብር ይከፍላል፤ እህሉንም በባለጉልቱ ወፍጮ አስፈጭቶ ከ14 አንዱን ይሰጣል። ሀብቱ ግን የቢቨር ቆዳ ነበር፤ ቆዳውን የሚያመጡት ነባሮቹ ሕዝቦች ናቸው። ስለዚህ በካናዳ ሸሪኮች ሆኑ፤ በ1701 በሞንትሪያል ወደ 40 የሚጠጉ ሕዝቦች የሰላም ውል ተፈራረሙ። ይህን ለፈረንሳይ ደግነት መስጠት አይገባም። ያው ዘውድ በሉዊዚያና የትምባሆ መሬት ሲፈልግ ናቼዝ የተባሉት ነባሮች በ1729 ተነሱ፤ ከተሸነፉ በኋላ የተማረኩት ለሳን ዶማንግ በባርነት ተሸጡ።

ሳን ዶማንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ፣ በ1697 በስምምነት ለፈረንሳይ ጸናች። በ1789 500,000 ያህል በባርነት የተያዙ ሰዎች፣ 30,000 ያህል ነጮች፣ ከነጮቹ ብዙም የማያንሱ ነፃ ጥቁሮችና ክልሶች ነበሩባት። ስለ ባሪያ አያያዝ የወጣው የ1685ቱ «ጥቁር ሕግ» ባለቤቱ አሥር ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ባሪያ በሳምንት ሁለት ተኩል ማሰሮ የካሳቫ ዱቄትና ሁለት ፓውንድ ጨው የገባ ሥጋ ወይም ሦስት ፓውንድ ዓሣ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉን የሚያስፈጽም ሹም ግን ከባለእርሻው ጋር ማዕድ የሚቆርስ ነውና ወረቀት ላይ ቀረ። አመፁ በነሐሴ 1791 ተነሳ፤ ነፃነት ጥር 1 ቀን 1804 ታወጀ።

ሆላንድ፦ ለአጭር ጥናት ብቻ

በ1621 የተቋቋመው የምዕራብ ህንድ ኩባንያ መንግሥትም ነጋዴም ነበር። በኒው ኔዘርላንድ በአራት ዓመት 50 ሰው ለሚያሰፍር ሰፊ መሬት ሊሰጥ በ1629 ቢያውጅም የዘለቀው ሬንሴላርስዊክ ብቻ ነው። ዋና ከተማው ኒው አምስተርዳም (የዛሬዋ ኒው ዮርክ) በ1664 ያለ ተኩስ ለእንግሊዝ ተሰጠች። ከ1630 እስከ 1654 የያዘው ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የተሻለ ትምህርት አለው። ኩባንያው ለፖርቱጋል ባለመፍጫዎች በብድር ባሪያና ዕቃ ሰጠ፣ ዕዳውን ሲጠይቅ በ1645 አመፁበት።

በአንድ እይታ

| ቦታ | መጀመሪያ የከፈለው | ዋናው ጉልበት | ሹሙን የሚይዘው | ነባሩ ሕዝብ |
|---|---|---|---|---|
| ፔሩ | ዘማቾቹ በውል | ገባር፣ ሚታ፣ ቅጥር | አውዲየንሲያና ምርመራ | ግብር ከፋይ |
| ብራዚል ጠረፍ | 12ቱ ባለድርሻዎች | በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን | ጠቅላይ ገዥ፣ ሊዝበን | የተሰደደ፣ በሚሲዮን የሰፈረ |
| ቨርጂኒያ | ባለአክሲዮን | የውል አገልጋይ፣ ኋላ ባርነት | የሰፋሪዎች ጉባኤ | ከአጥር ውጭ |
| ማሳቹሴትስ | ባለአክሲዮን ሰፋሪ | ቤተሰብ | ደመወዝ መዳቢው ምክር ቤት | ከአጥር ውጭ |
| ባርቤዶስ | ነጋዴዎች | ባርነት | የባለእርሻዎች ምክር ቤት | አልነበረም |
| ካናዳ | ኩባንያ፣ ከ1663 ንጉሡ | ገበሬ፣ የቆዳ ንግድ | ገዥና ኢንቴንዳንት እርስ በርስ | ሸሪክ |
| ሳን ዶማንግ | የባሕር ወንበዴና ባለእርሻ | ባርነት | ፓሪስ፣ በወረቀት | በስፔን ዘመን ያለቀ |

የትኛውን ለማን?

*አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ላለው አስተማሪ፦* ባርቤዶስና ማሳቹሴትስ። ባንዲራው አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ምክር ቤት በሁለቱም አለ፤ የተለየው ሰብሉና አየሩ ነው። ተማሪ በ40 ደቂቃ «እንግሊዝ እንዲህ ናት» ማለት የማይቻል መሆኑን ያያል። ካናዳና ሳን ዶማንግም ያንኑ ይሠራሉ፤ የሃይቲን አብዮት ለማስተማር ያሰበ እነዚህን ይውሰድ።

*ስለ ጉልበት ሥራ ለሚጽፍ፦* የፖቶሲ ሚታና የባሂያ ስኳር። አንዱ ሰውን ከመንደሩ በተራ ያመጣል፣ ሌላው ከውቅያኖስ ማዶ ይገዛል። ሁለቱም ሀብቱን ለውጭ ገበያ ነው የሚያወጡት፤ ልዩነቱ ነባሩ ሕዝብ በመቆየቱና ባለመቆየቱ ላይ ይወድቃል።

*ስለ አስተዳደርና ሙስና፦* ፔሩና ማሳቹሴትስ፣ ግን በሦስተኛው ጥያቄ ብቻ ተወስኖ። አምስቱን ጥያቄዎች በዚህ ጥንድ ላይ ከጫኑ መግቢያው ላይ ወደተባለው ስሕተት ይመለሳሉ።

*በቋንቋ አቅም፦* እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ቨርጂኒያና ባርቤዶስ ይቀላሉ። ስለ ባሪያ ንግድ መርከቦች ከ36,000 በላይ ጉዞዎችን የያዘ የመረጃ ቋት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ለብራዚልም ያገለግላል። ስፓኒሽ የሚያነብ በሴቪል ያለውን በ1785 የተቋቋመውን የኢንዲስ መዝገብ ቤት ከቤቱ ሆኖ በነፃ ማየት ይችላል፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሕፈት ግን ስፓኒሽ ለሚያውቅም ቢሆን ወራት የሚፈጅ ልምምድ ይጠይቃል፤ የጊዜ ሰሌዳ ሲያወጡ ይህን ይቁጠሩ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ አበሻ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ጄምስታውንን በአንድ ቀን ደርሰው መመለስ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ምሽግ የቆመበት መሬት እየተቆፈረ ለጎብኚ ክፍት ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

*ዘመን ማፋለስ።* የ1540ዎቹን ፔሩ ከ1760ዎቹ ቦስተን ጋር ማወዳደር የተለመደ ነው። ጄምስታውን ስትቆረቆር ስፔን በካሪቢያን 115 ዓመት ሆኗታል። ወይ ዓመቱን ያመሳስሉ፣ ወይ ከመጀመሪያው ሰፈራ ጀምሮ የተቆጠረውን ዕድሜ ያመሳስሉ፤ የቱን እንዳደረጉም ይጻፉ።

*ሕግን እንደ ተግባር ማንበብ።* የ1542ቱ ሕጎችና የ1685ቱ ጥቁር ሕግ ወረቀታቸው መልካም የሆነ ብዙ አንቀጽ አላቸው። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን «ያላከበረውን ማን ይቀጣል? የሚቀጣውስ እንጀራውን ከማን ይበላል?» ብለው ይጠይቁ።

*ነባሩን ሕዝብ አንድ ማድረግ።* የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በነሐሴ 1521 የወደቀችው በጥቂት መቶ ስፔናውያን ሰይፍ ብቻ አይደለም፤ ከስፔኖቹ አዛዥ ከኮርቴስ ጋር የተሰለፉት የአዝቴኮች ጠላት የነበሩት ትላሽካላኖችና ሌሎች አጋሮች በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ትላሽካላኖች ለዚህ ውለታቸው ልዩ መብት እየጠየቁ ለስፔን ዘውድ ለትውልድ ሲጽፉ ኖረዋል።

*ቀን።* እንግሊዝ እስከ 1752 በድሮው የጁሊያን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር፤ አዲሱ ዓመትም የሚገባው መጋቢት 25 ነበር። በእንግሊዝ ሰነድ ላይ የካቲት 1690 ተብሎ የተጻፈ በስፔን ወይም በፈረንሳይ ሰነድ የካቲት 1691 ነው፤ ቀኑም በዚያ ክፍለ ዘመን በ10 ይለያያል። በሁለት አቆጣጠር መካከል መኖር ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ አይከብድም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ካላስቀመጠ እሱም ይሳሳታል።